የእግር አውራ ጣት መጣመምና በእንቅስቃሴ የሚደረግለት ሕክምና



የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ስለ እግር አጥንት ልትጽፍ ብዕር ስታነሣ «ይህችስ ያለ ሥራዋ ገባች» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የሕክምና ተማሪም አይደለሁም። ይሁን እንጂ ሕመሙ በራሴ እግር ላይ ስለ ደረሰ፣ ሐኪም የነገረኝንና በቤተ መጻሕፍት አገላብጬ ያገኘሁትን ለእኅቶቼ ባካፍል ነውር አይሆንብኝም ብዬ አሰብኩ። ወንድሞቻችንም እናትና እኅት አላቸውና ገጹን ሳያልፉ ቢያነቡት አይጎዱም።

ነገሩ የጀመረው እንዲህ ነው። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ በነበርኩ ጊዜ ለኪስ ገንዘብ ስል ማታ ማታ በስብሰባና በግብዣ አዳራሽ እንግዳ በመቀበል ሥራ ተቀጠርኩ። ያሠራን የነበረው ድርጅት ሁላችንም አንድ ዓይነት ጫማ፣ ይኸውም አፍንጫው የሾለ፣ ታኮው የረዘመ፣ እንድናደርግ ያስገድደን ነበር። አራት ሰዓትና አምስት ሰዓት ቆመን ስንመለስ ጫማችንን በእጃችን ይዘን ወደ መኝታ ክፍላችን የምንገባበት ማታ ብዙ ነው። በስድስት ወር ውስጥ ከቀኝ እግሬ አውራ ጣት ሥር ያለው አጥንት ጎበጥ ብሎ ይቀላና ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ለክረምት ቤት ስገባ እናቴ እግሬን አየችና «አንቺም የእኔን ጉጥ ወረስሽው?» አለችኝ። የእርሷን እግር ከልጅነቴ ጀምሮ ሳጥበው የኖርኩ ነኝ፤ ነገር ግን እስከዚያች ቀን ድረስ ስም ያለው ሕመም መሆኑን አላወቅሁም ነበር።

፩. ሕመሙ ምንድን ነው?

ሐኪሞች በላቲን ቋንቋ «ሃሉክስ ቫልገስ» ይሉታል፤ ትርጉሙም ወደ ውጭ የዞረ የእግር አውራ ጣት ማለት ነው። እኔ በዚህ ጽሑፍ እንደ እናቴ «ጉጥ» እለዋለሁ።

በእያንዳንዱ እግራችን 26 አጥንቶች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ከእግራችን መካከል ተነሥተው ወደ አምስቱ ጣቶች የሚዘረጉ አምስት ረዣዥም አጥንቶች ይገኛሉ። ጉጥ ሲወጣ ሁለት ነገሮች ባንድነት ይሆናሉ። የመጀመሪያው፣ አውራ ጣቱን የሚሸከመው ረዥም አጥንት ከጎረቤቱ ተለይቶ ወደ ሌላው እግር ያዘነብላል። ሁለተኛው፣ አውራ ጣቱ ራሱ በተቃራኒው ወደ ሁለተኛው ጣት ይጣመማል። እንግዲህ በጎን የምናየው ጉብታ ብዙ ሰው እንደሚመስለው አዲስ የበቀለ ሥጋ ወይም አጥንት ሳይሆን፣ ከቦታው የወጣው የአጥንት ራስ ነው። ጫማ ሲፈትገው ደግሞ በላዩ ያለው ቆዳ ይደነድናል፤ ከሥሩም ፈሳሽ ይቋጥርና ያብጣል።

ሐኪሙ የጣመመውን መጠን በራጅ ፎቶግራፍ ላይ በዲግሪ ይለካል። በአውራ ጣቱና በሚሸከመው አጥንት መካከል ያለው ማዕዘን ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ደኅና ነው ይባላል። ከዚያ በላይ እስከ 20 ድረስ ቀላል፣ ከ20 እስከ 40 መካከለኛ፣ ከ40 በላይ ብርቱ ተብሎ ይመደባል። የእኔ 18 ሆኖ ተገኘ።

አንድ ጊዜ መጣመም ከጀመረ ነገሩ እየባሰ የሚሄድበት ምክንያት ማወቅ የሚገባ ነው። አውራ ጣቱን የሚያንቀሳቅሱት ጅማቶች ጣቱ ቀጥ ብሎ ሳለ በመካከሉ ያልፋሉ። ጣቱ ሲጣመም ግን እንደ ደጋን አውታር በጎን በኩል ይወጠራሉ፤ በተሳቡ ቁጥርም ይበልጥ ያጣምሙታል። ከአውራ ጣቱ ሥር በሰሊጥ ፍሬ ስም የተጠሩ ሁለት ትንንሽ አጥንቶች አሉ፤ እነርሱም ከተቀመጡበት ቦይ ይወጣሉ። አውራ ጣቱን ከሌሎቹ ጣቶች አርቆ የሚይዘው ጡንቻ ደግሞ በውስጥ እግር በኩል ከጎን ወደ ታች ይንሸራተትና ኃይሉን ያጣል። ወደ ሁለተኛው ጣት የሚስበው ጡንቻ ያን ጊዜ ተቃዋሚ የሌለው ጌታ ይሆናል። ውኃ ሲወስድ አሳስቆ አሳስቆ እንደሚባለው ነው።

፪. ምክንያቱስ ምንድን ነው?

አንዳንዱ ሰው «ጫማ ነው» ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ «ዘር ነው» ይላል። ሁለቱም ከእውነቱ ድርሻ አላቸው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1958 ዓ.ም. በሆንግ ኮንግ የወጣ አንድ ጥናት ጫማ የሚያደርጉና የማያደርጉ ቻይናውያንን እግር አወዳድሮ ነበር። ጫማ ከሚያደርጉት መካከል ከመቶው 33 ያህሉ በመጠኑም ቢሆን የተጣመመ አውራ ጣት ተገኘባቸው፤ ከማያደርጉት ግን ከመቶው ሁለት እንኳ አልሞሉም። በ1965 ዓ.ም. ደግሞ በአትላንቲክ ውቅያኖስ በምትገኘው በሴንት ሄሌና ደሴት ስለተደረገ ምርመራ ታተመ። በዚያም ጫማ ካላደረጉት ከመቶው 2 ያህሉ ብቻ ጉጥ ሲኖርባቸው፣ ከ60 ዓመት በላይ ጫማ ካደረጉት መካከል ከወንዶቹ ከመቶው 16፣ ከሴቶቹ ከመቶው 48 ሆነው ተገኙ።

ታሪክ የምናጠና ተማሪዎችን የሚያስደስተን ሌላም ማስረጃ አለ። በ2021 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ከተማ ከጥንት መቃብሮች የወጡ የ177 ሰዎች አጥንት ተመርምሮ ነበር። ከ11ኛው እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመን ከተቀበሩት መካከል ጉጥ የተገኘባቸው ከመቶው 6 ብቻ ናቸው። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከተቀበሩት ግን ከመቶው 27 ሆኑ። በመካከሉ ምን መጣ ቢባል፣ አፍንጫው እንደ ቀንድ የሾለ ጫማ የመኳንንትና የከተሜ ጌጥ ሆኖ ነበር። የሹለቱ ርዝመት ከመጠን ስላለፈ በ1463 ዓ.ም. ንጉሥ ኤድዋርድ 4ኛ በሕግ እስከ መወሰን ደርሰዋል። ሕጉ ስለ ክብርና ስለ ማዕርግ የወጣ እንጂ ስለ እግር ጤና አልነበረም፤ አጥንቶቹ ግን ምስክርነታቸውን ከ500 ዓመት በኋላ ሰጡ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። ጫማ ያላደረጉትም ጥቂቶቹ ጉጥ ስለ ወጣባቸው ጫማ ብቻውን ጥፋተኛ አይደለም፤ የእግር አሠራር፣ የመገጣጠሚያ መላላትና ጠፍጣፋ እግር ከወላጅ ይወረሳሉ። ሆኖም የተወረሰውን ድካም ወደ ሕመም የሚያደርሰው ብዙ ጊዜ ጫማ ነው። በዘር የመጣውን መለወጥ አንችልም፤ የምናደርገውን ጫማ ግን እንመርጣለን።

ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ጥናቶች በ2010 ዓ.ም. ባንድነት ሲመረመሩ ጉጥ የተገኘባቸው ከሴቶች ከመቶው 30፣ ከወንዶች ከመቶው 13 ያህል ናቸው። ይህ ልዩነት የሚያስገርም አይደለም። የታኮ ጫማ ተረከዝን ከፍ ሲያደርግ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ይወርዳል፤ ጣቶችም ወደ ጠባቡ አፍንጫ እየተገፉ ይጨመቃሉ። በተለይ አጥንቷ ገና በማደግ ላይ ያለች ልጅ እንዲህ ያለ ጫማ ስታዘወትር ጉዳቱን ለዕድሜዋ ሁሉ ትሸከመዋለች።

፫. እንቅስቃሴ ምን ይችላል? ምንስ አይችልም?

በዚህ ላይ እውነቱን ሳልሸፋፍን መናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም «በሠላሳ ቀን ጉጥሽን ላጥፋልሽ» የሚል ነጋዴ በየቦታው አለ።

እንቅስቃሴ ከቦታው የወጣን አጥንት እንደ መዶሻ መትቶ አይመልስም። ሊያደርግ የሚችለው የደከሙትን የውስጥ እግር ጡንቻዎች ማጠንከር፣ የደረቀውን መገጣጠሚያ ማላላት፣ ሕመሙን መቀነስና አካሄድን ማስተካከል ነው። በቀላሉ ደረጃ ላይ ላሉ ወጣቶች ማዕዘኑ ራሱ በመጠኑ ሊቀንስ እንደሚችል የሚያሳይ ምልክትም አለ። በ2015 ዓ.ም. በደቡብ ኮሪያ በ24 ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ ግማሾቹ የጣት መደገፊያ ብቻ ሲያደርጉ፣ ግማሾቹ በዚያ ላይ ጣት የመዘርጋት እንቅስቃሴ ጨመሩ። ከ8 ሳምንት በኋላ እንቅስቃሴ በጨመሩት ዘንድ ማዕዘኑ ቀነሰ፤ አውራ ጣትን የሚያርቀው ጡንቻም ወፈረ። ሰዎቹ ጥቂቶች፣ ጊዜውም አጭር ስለ ሆነ ከዚህ ትልቅ ተስፋ መቁረጥም ትልቅ ተስፋ ማድረግም አይገባም። ነገር ግን ጉዳት የሌለውና ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር ነውና ቢሞከር ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።

ጉጡ ለበረታባቸው ሰዎች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. በፊንላንድ 209 ሕሙማን በሦስት ተከፍለው፣ አንዱ ክፍል በቀዶ ጥገና፣ አንዱ በጫማ ውስጥ በሚገባ መደገፊያ፣ አንዱ ደግሞ ሳይታከም በመጠበቅ ተመርምረው ነበር። መደገፊያው ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሕመም አስታገሠ፤ በዓመቱ መጨረሻ ግን የተሻለ ውጤት የተገኘው በቀዶ ጥገና ነው። ስለዚህ «በእንቅስቃሴ ብቻ ይድናል» ብሎ የተጎዳን ሰው ከሐኪም ማራቅ በደል ይሆናል።

፬. እንቅስቃሴዎቹ

የሚከተሉት በቀን አንድ ጊዜ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ የሚፈጁ ናቸው። ማታ እግር ከታጠበ በኋላ ቢሠሩ ይመረጣል። መወጠር እንጂ ማመም የለባቸውም።

ሀ) ማላላት። ወንበር ላይ ተቀምጠሽ እግርሽን በጉልበትሽ ላይ አድርጊ። በአንድ እጅሽ አውራ ጣቱን የሚሸከመውን አጥንት አጥብቀሽ ያዢ፤ በሌላው እጅሽ ጣቱን ቀስ ብለሽ ወደ ፊት ሳቢው፤ ከዚያ ከሁለተኛው ጣት እያራቅሽ አቅኚው። እስከ 10 ቁጠሪና ልቀቂ፤ 10 ጊዜ ድገሚ።

ለ) ጣት መዘርጋት። ተረከዝሽንና የጣቶችሽን ሥር ከወለሉ ሳታነሺ አምስቱንም ጣቶች ወደ ላይ አንሺ። በአየር ላይ እንዳሉ እንደ ማራገቢያ ዘርጊያቸው። አስቀድመሽ ትንሿን ጣት ወደ ውጭ አውርጂ፤ ቀጥሎም አውራ ጣቱን ወደ ሌላው እግር አቅጣጫ አውርጂ። 5 ቁጠሪ፤ 10 ጊዜ ድገሚ። በመጀመሪያው ሳምንት ጣትሽ እንደማያውቅሽ ሰው ዝም ይልሻል። በእጅሽ እያገዝሽ ቀጥዪ፤ ቀስ በቀስ ትእዛዝ ይሰማል። በኮሪያው ሙከራ የተሠራበት ይህ ነው።

ሐ) እግርን ማሳጠር። ይህን ስሙ የታወቀው የቼክ ሐኪም ቭላዲሚር ያንዳ ያስተምረው ነበር። እግርሽን መሬት ላይ አድርገሽ፣ ጣቶችሽን ሳታጥፊ፣ የጣቶችሽን ሥር ወደ ተረከዝሽ ሳቢ። በትክክል ስትሠሪው የውስጥ እግርሽ ጎድጓዳ ክፍል ከፍ ይላል። 5 ቁጠሪ፤ 10 ጊዜ ድገሚ። በመጀመሪያ ተቀምጠሽ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቆመሽ፣ በመጨረሻ በአንድ እግር ቆመሽ ሥሪው።

መ) ላስቲክ መሳብ። ሁለቱን እግሮች አጠጋግተሽ ሰፋ ያለ ላስቲክ በሁለቱ አውራ ጣቶች ላይ አጥልቂ። ተረከዞችሽን ሳታለያዪ የእግሮችሽን ጫፍ ቀስ ብለሽ አራርቂ፤ ላስቲኩ አውራ ጣቶቹን ወደ መስመራቸው ይስባቸዋል። 5 ቁጠሪ፤ 10 ጊዜ ድገሚ።

ሠ) ባትን መወጠር። ሁለት እጆችሽን ግድግዳ ላይ አድርገሽ አንዱን እግር ወደ ኋላ ውሰጂ። ተረከዙ ከመሬት ሳይነሣ፣ ጉልበቱም ሳይታጠፍ ወደ ፊት ዘንበል በዪ። 30 ቁጠሪ፤ በእያንዳንዱ እግር 3 ጊዜ። ታኮ የሚያዘወትር ሰው ባቱ ያጥራል፤ ያጠረ ባትም ሸክሙን በጣቶች ሥር ላይ ይጥለዋል።

ረ) በጣት መቆም። ግድግዳ ይዘሽ በሁለቱም እግር ጫፍ ተነሺ፤ ስትነሺ ክብደትሽ በአውራ ጣቱ ላይ እንዲያርፍ ተጠንቀቂ። ቀስ ብለሽ ውረጂ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ።

ሰ) ብይ መልቀም። ልጆች የሚጫወቱበትን ብይ ወለል ላይ በትኖ በእግር ጣት እየለቀሙ ጣሳ ውስጥ መጨመር ነው። ይህ ሥራ ሳይሆን ጨዋታ ስለ ሆነ ለታናናሾች ይስማማል። ብይ የሌላት ፎጣ ወለል ላይ ዘርግታ በጣቶቿ ወደ ራሷ ብትስብ ያው ነው።

ውጤቱ በአንድ ሳምንት አይታይም። ቢያንስ ከ8 እስከ 12 ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። አበው «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

፭. ስለ ጫማ

ማታ በእንቅስቃሴ የተዘረጋ ጣት ቀን በጠባብ ጫማ ከታሰረ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ጫማ ስትገዢ ይህን ፈትኚ። እግር ቀን ውሎ ስለሚያብጥ ከሰዓት በኋላ ግዢ። ባዶ እግርሽን ወረቀት ላይ አቁመሽ ዙሪያውን በእርሳስ አስምሪ፤ ጫማውን በሥዕሉ ላይ አኑሪው። ሥዕሉ በጎን ወጥቶ ከታየ ያ ጫማ ለእግርሽ አልተሰፋም። ከረዥሙ ጣትሽ ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ለዕለት የሚሆን ታኮ ከ4 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ መልካም ነው። ለሠርግና ለምረቃ ረዥሙን ማድረግ የግድ ከሆነ ለሥነ ሥርዓቱ ብቻ አድርገሽ መለወጫውን በቦርሳሽ ያዢ።

«እንግዲያውስ በባዶ እግራችን እንሂዳ! አበበ ቢቂላ በ1960 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደለምን?» የሚል ይኖራል። አዎን፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ የሮጠው በባዶ እግሩ ነው። ነገር ግን በ1964 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ የተሻለ ሰዓት ይዞ ሲያሸንፍ ጫማ አድርጎ ነበር። ከሁሉም በላይ በአገራችን ደጋማ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን የሚያሳብጥ ዝሆኔ እንደሚያመጣ መዘንጋት የለብንም። ብዙ ገበሬ ወገኖቻችን በዚህ ይሠቃያሉ፤ መከላከያውም ጫማ ማድረግና እግር መታጠብ ነው። ጫማ ለእነርሱ ጌጥ ሳይሆን መድኃኒት ነው። ስለዚህ ጠቡ ከጫማ ጋር ሳይሆን ከጠባብ ጫማ ጋር ይሁን። በንጹሕ ወለል ላይ፣ በቤት ውስጥ፣ ባዶ እግር መሆን ግን ጣቶችን ነጻ ያወጣል።

፮. ወደ ሐኪም መሄድ የሚገባው መቼ ነው?

ሕመሙ እንቅልፍ የሚነሣ፣ ሁለተኛው ጣት በአውራ ጣቱ ላይ የወጣ፣ ቆዳው የቆሰለ፣ ወይም እግር የደነዘዘ እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መቅረብ ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ እንቅስቃሴውን አይጀምር። አውራ ጣቱ በአንድ ሌሊት አብጦ የሚያቃጥል ከሆነም ሪህ ሊሆን ይችላልና መመርመር ያሻል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ጣትን ማስጎተት ግን አይገባም፤ ይህ በአንድ ጊዜ የሚመለስ ውልቃት አይደለም። ቀዶ ጥገናም ቢሆን እድገታቸውን ላልጨረሱ ልጆች ጉጡ ተመልሶ ሊመጣ ስለሚችል ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ እንዲቆይ ይመክራሉ።

የራሴን ነገር ልጨርስ። ያንን ሥራ ተውኩ፤ ጫማውንም ለማንም ሳልሰጥ ጣልኩት። እንቅስቃሴውን ስድስት ወር ሠራሁ። ሁለተኛ ራጅ ስነሣ ማዕዘኑ ያው 18 ነበር፤ ላልዋሻችሁ፣ ያን ዕለት አዘንኩ። ሐኪሙ ግን «ያምሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ሳስበው ከሁለት ወር ወዲህ አላመመኝም። «እንግዲያውስ አልባሰም፤ አልታመምሽምም፤ ይህን የመሰለ ትርፍ የት ይገኛል?» አለኝ። እናቴ ዘግይታለች፤ የእርሷ ጉጥ በፎጣና በብይ የሚመለስ አይደለም፤ አሁን ስለ ቀዶ ጥገና ከሐኪም ጋር እየተነጋገረች ነው።

ተስፋዬ ያለው በታናሽ እኅቴ ነው። 14 ዓመቷ ነው፤ አውራ ጣቷም ገና ቀጥ ያለ ነው። ለፋሲካ ጫማ ልገዛላት ይዣት ስወጣ ዓይኗ ከሾለው ጫማ ላይ አረፈ። ወረቀት አውጥቼ እግሯን ባሰምር ባለ ሱቁ ሳቀና «እኅቴ፣ ጫማ ነው ወይስ ካርታ የምትሠሩት?» አለኝ። እርሷም አፍራ ነበር። ሥዕሉ ላይ ጫማውን አኑራ የእግሯ መስመር በሁለቱም በኩል ወጥቶ ብታይ ግን ለጥቂት ጊዜ ዝም አለችና «እትዬ፣ የእማማ እግር እንዲህ ነው የሆነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያም ሰፊውን ጫማ ራሷ መረጠች።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ይህን ጽሑፍ ያነበባችሁ ሁሉ ዛሬ ማታ የራሳችሁን እግር፣ ነገ ደግሞ የታናሾቻችሁን እግር እንድትመለከቱ በመለመን ጽሑፌን እደመድማለሁ።